የሮማ ፖሊሶች አጽናኝ፣ ወይዘሮ አበበች

ሐበሻ በተሰደደበት ከተማ ሁሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ከመከራየቱ በፊት፣ ዕድርም ከመቋቋሙ በፊት፣ አንዲት ጥቅስ አዳይ ሴት ቀድማ ትገኛለች። ይህን የሚክድ ሰው ካለ ወይ ገና ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ደግሞ እሷን ከሩቅ ሲያይ መንገድ የሚቀይር ነው። ብርድ ሲያንዘፈዝፍህ ጥቅስ ትሰጥሃለች። ከሥራ ተባረህ ስትቆዝም ጥቅስ ትሰጥሃለች። ጥርስህን አሞህ ጉንጭህን ደግፈህ ስትሄድ ብታገኝህም ለጥርስ የሚሆን አታጣም። ሮማ በዚህ በኩል እግዜር አልበደላትም፤ ወይዘሮ አበበችን አግኝታለች።

ክብርት ወይዘሮ አበበች ግን እንደ ሌሎቹ አይደሉም። ሌሎቹ ጥቅሳቸውን ላገኙት ሁሉ ይበትናሉ፤ እሳቸው የሚያጽናኑት ፖሊስ ብቻ ነው። ፖሊስ ሲሉም ሰፋ አድርገው ነው። ካራቢኒዬሪው፣ ትራፊኩ፣ የሜትሮው ጥበቃ፣ የትራሙ ትኬት ተቆጣጣሪ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ሁሉ የእሳቸው መንጋ ነው። አንድ ጊዜ የወርቅ ቁልፍ ያለው ካፖርት የለበሰ የሆቴል በረኛ ሳይቀር በዚህ ሰበብ ሙሉ መዝሙር ሰምቷል። ንግግራቸው የሚጀምረው ሁልጊዜ በአንድ ቃል ነው፤ «አይዞህ ልጄ፣ ጠባቂውንም የሚጠብቅ አለ።»

ይህን የሚሉት በጣሊያንኛ ነው። ጣሊያንኛቸውን ደግሞ የተማሩት ለብዙ ዓመት ካስታመሟቸው አንዲት ባሮኔሳ፣ የባላባት ባልቴት፣ ስለሆነ የዛሬ ሰው አይናገረውም። ትከሻው ላይ ንቅሳት ያለበት ጎረምሳ ፖሊስ፣ አጠር ቀጠን ያሉ ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ፊቱ ቆመው እንደ ባላባት አያት ሲያናግሩት፣ ሳይታወቀው ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ማስቲካውን ይውጣል።

ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ከካራቢኒዬሪ መኪና አጠገብ የሰጡት ትምህርት እስከ ዛሬ ይወራል። «ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች ብሎ የጻፈው መልእክት ለማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ማሬሻሎው፣ የመኪናው አለቃ፣ አላውቅም አለ። «ሮማ ያለው ማነው? አንተ ነህ። ደብዳቤው ከደረሰ ስንት ዘመኑ፤ ያልከፈታችሁት እናንተ ናችሁ።» ከዚያ ምዕራፍ አሥራ ሦስትን፣ ባለ ሥልጣን የእግዚአብሔር አገልጋይ እንደሆነና ሰይፍ በከንቱ እንደማይታጠቅ፣ በቃላቸው ወረዱት። ወደ ሽጉጡ በጣታቸው እያመለከቱ «ይሄ ማለት ነው። በከንቱ ግን አይደለም ተብሏል፤ እሷን ቃል አትዝለላት» አሉ። ማሬሻሎው አልዘልም ብሎ ቃል ገባ።

ሁልጊዜ ግን አይሳካላቸውም። ትራም ላይ ለነበሩ ፖሊሶች መጥምቁ ዮሐንስ ለጭፍሮች የመለሰውን ጠቀሱላቸው፤ «በማንም ግፍ አትሥሩ፥ ማንንም በሐሰት አትክሰሱ፥ ደመወዛችሁም ይብቃችሁ።» ሁለቱን ትእዛዛት በጸጥታ ሰሙ። ሦስተኛዋ ላይ ሲደርሱ፣ የደመወዝ ጭማሪ ጥያቄ ያቀረቡበት ሰሞን ኖሮ፣ አንደኛው ፖሊስ ያለ ፌርማታው ወረደ።

ይህን ሁሉ ከማንም አብልጦ የሚያውቀው፣ ከማንም አብልጦም የሚደክመው አሌክስ ነው። አሌክስ የሚሉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። እናቱ ያወጣችለት ስም ኃይለመለኮት ሲሆን ጣሊያን አፍ ውስጥ አልገባ ስላለ አሳጠሩት። እዚሁ ሮማ ተወልዶ፣ እዚሁ ተምሮ ፖሊስ ሆነ። እናቱ ወይዘሮ ጤናዬ ዕድሜዋን በሰው ቤት ሥራ ጨርሳ አዲስ አበባ ስትገባ፣ ፒኜቶ ሰፈር ያለውን፣ አሳንሰር የሌለውን አምስተኛ ፎቅ ቤቷንና ጓደኛዋን ወይዘሮ አበበችን አንድ ላይ አወረሰችው። ከሁለቱ የትኛው ብዙ ጥገና እንደሚፈልግ ሲጠየቅ አሌክስ ወሬ ይቀይራል።

የሚሠራው በከተማው ምሥራቅ ባለ አንድ ፖሊስ ጣቢያ፣ የፔርሜሶ መስኮት ላይ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቅ፣ የሚያሳድስ፣ የቀረበት ሰው ሁሉ እሱ መስታወት ፊት ይቆማል። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል፤ ይህ የሚነገረው ግን ደጅ ለሚጠና ሰው ነው። ከመስታወቱ ወዲህ ለተቀመጠውም እሳት መሆኑን አስቀድሞ የነገረው አልነበረም። ውሳኔው የሚመጣው እሱ ከማያውቃቸው ሰዎች ነው፤ የሚታየው ፊት ግን የሱ ነው። ከመስታወቱ ባሻገር በአማርኛ ሲያለቅሱ ይሰማል፤ በጣሊያንኛ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ይቀለው ነበር።

ወይዘሮ አበበች እዚህ መስኮት ጉዳይ የላቸውም። ፔርሜሷቸው የማያልቅ ነው። ሆኖም በየወሩ መጥተው ከማሽኑ ቁጥር ይወስዳሉ፣ ከሰዉ ጋር ግማሽ ቀን ይጠብቃሉ፣ ተራቸው ሲደርስ መስታወቱ ጋ ቀርበው መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ጭምቅ አድርገው ይይዛሉ።

«ምን ልታዘዝ እትዬ?»

«ምንም። ኢሳይያስ አርባ። ‹እግዚአብሔርን በመተማመን የሚጠባበቁ ግን ኃይላቸውን ያድሳሉ፤ እንደ ንስር በክንፍ ይወጣሉ፤ ይሮጣሉ፥ አይታክቱም፤ ይሄዳሉ፥ አይደክሙም።›»

«እኔ እኮ ተቀምጬ ነው የምውለው እትዬ።»

«ተቀምጦ መድከም ይብሳል።»

ከኋላ ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል። አሌክስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ ቁጥር የሚወሰደው ለጉዳይ ነው» ይላቸዋል።

«አንተ ጉዳይ አይደለህም?» ይሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ይሄዳሉ።

የጣሊያን ፖሊስ ጠባቂ መልአክ ቅዱስ ሚካኤል መሆኑን ያወቁ ዕለት ደግሞ ነገሩ ሁሉ ባሰ። ፖሊሶች በፈረንጆቹ መስከረም መጨረሻ የመልአኩን በዓል ያከብራሉ፤ ጣቢያው መግቢያ ላይም ሥዕሉ ተሰቅሏል። ወይዘሮ አበበች ራሳቸው የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኛ ናቸውና «ለካ ወንድማማች ነን» አሉ። በበዓሉ ጠዋት ትልቅ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። ዳቦው በመፈተሻው ማሽን ሲያልፍ ስክሪኑ ላይ ድፍን ጥቁር ክብ ሆኖ ታየ፤ ፈታሾቹ ተያዩ። ውስጡ ምን እንዳለ ለማረጋገጥ ቆረሱት። ከቆረሱት በኋላ በሚገባ ለማረጋገጥ ቀመሱት። የጣቢያው አዛዥ ወርዶ ፖሊስ ስጦታ እንደማይቀበል በትሕትና ሲያስረዳ፣ ወይዘሮ አበበች ወደ ሥዕሉ እያዩ «ለእናንተ ማን ሰጠ? የሱ ነው። አልቀበልም የምትል ከሆነ ለሱ ንገረው» አሉት። አዛዡ ትንሽ አሰበና አንድ ቁራሽ አነሣ።

ያን ቀን አሌክስ ሲስቅ የታየበት የመጨረሻ ቀን ነበር ማለት ይቻላል። ብዙም ሳይቆይ ሰላሙ የሚባል ልጅ መጣ።

ሰላሙ የስደተኞች ማረፊያ ውስጥ የሚኖር ከሲታ ወጣት ነው። ጥገኝነት ጠይቆ ብዙ ጠብቋል። የመጣለት መልስ እምቢታ ነበር፤ ያን ወረቀት በመስታወቱ ሥር አሳልፎ የሰጠው አሌክስ ነው። በአማርኛ አስረዳው፤ ሪኮርሶ ማለት ይግባኝ እንዳለው፣ ጠበቃ በነፃ እንደሚቆምለት፣ ይግባኙ እስኪታይ ድረስ ማንም እንደማያባርረው ነገረው። ሰላሙ ጨርሶ ሰማ። ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። ከዚያ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «ባንዳ» ብሎት ሄደ።

ይህ ቃል ለሐበሻ ምን ማለት እንደሆነ አይብራራም። ለጣሊያን አድሮ ወገኑን የወጋ ሰው ስም ነው፤ ከነመቃብሩ የሚጠራበት ስድብ ነው። አሌክስ የሚቀጥለውን ቁጥር ጠራ፤ ከዚያም የሚቀጥለውን። ምሳውን ሳይነካ መለሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት የደንብ ልብሱን ሲለብስ ቃሉ አብሮት ይለበሳል። ደከመው፤ እንቅልፍ የማይነቅለው ድካም።

የአክስቱ ልጅ ማርቲ የምትሠራው ለሮማ ቅርብ በሆነው ባሕር ጠረፍ፣ ኦስቲያ ባለ መዝናኛ ውስጥ ነው። ሰው ይፈልጋሉ፤ ክረምቱን ጥገና፣ በጋውን ዣንጥላና ወንበር ማከራየት። «ና እንጂ፣ ባሕር አይቶህ አያለቅስም» ትለዋለች። አሌክስ ልቡ ቆረጠ። የኅዳር ወር ሳያልቅ ለአዛዡ ሊናገር ወሰነ። ለወይዘሮ አበበች ግን ለመናገር አልደፈረም።

እሳቸው ቀደሙት። በጥቅምት ሚካኤል፣ ማኅበሩ አበራሽ የምትባል ማኅበርተኛ ቤት ተሰብስቦ ሳለ ስልክ ደወሉ። «አሳንሰሩ ተበላሽቷል ልጄ፤ ድስት የሚያወርድልኝ ጉልበት ያለው ሰው አጣሁ።» አሌክስ ከሥራ ሲወጣ በዚያው ሄደ። የፈጸመው የመጀመሪያ ስህተት የደንብ ልብሱን ሳይቀይር መግባቱ ነው።  ሁለት ልጆች ተነሥተው አየር ሊወስዱ ወደ በረንዳ ወጡ። ጥጉ ላይ ሳህኑን አቀርቅሮ የሚያየው ሰላሙ ነበር።

የጽዋ ሥርዓቱ ተራ ነው። በየወሩ አንዱ ደግሶ ያበላል፤ ዝክሩ ሲያልቅ ጽዋውን ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክባል፤ የተቀበለ በሚቀጥለው ወር በቤቱ ይደግሳል። ያን ዕለት ተረኛው ከፍያለው የሚባል ሰው ሲሆን አከራዩ ቤቱን ስላስለቀቀው ይቅርታ ጠየቀ። የሚቀጥለው ደግሞ ኅዳር ሚካኤል፣ ዓመታዊው ትልቁ በዓል ነው። ሁሉም መሬት መሬት ማየት ጀመረ። አንዷ የምታድረው አሠሪዎቿ ቤት ነው፤ ሌላው አንድ ክፍል ከአራት ሰው ጋር ይጋራል፤ ማረፊያ ያሉት እንግዳ ማስገባት አይፈቀድላቸውም። ጽዋው ለተረኛው ሊያቀብሉ ባነሡት በወይዘሮ አበበች እጅ ላይ ቀረ።

«ያዝልኝ እስቲ ልጄ፣ እጄ ዛለ» አሉት።

አሌክስ የጤናዬ ልጅ ነው። ታላቅ ሰው የዘረጋለትን በሁለት እጅ፣ ጎንበስ ብሎ መቀበልን ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቷል። ተቀበለ። አበራሽ እልል አለች። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ አቶ ጥበቡ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ሚካኤል በሰላም ያድርስህ» ብለው መረቁት። አሌክስ ነገሩ ሲገባው «ቆይ፣ እኔ ድስት ልወስድ ነው የመጣሁት» አለ። ወይዘሮ አበበች ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ሰደው «ጽዋ አንዴ ከተያዘ አይመለስም» አሉ። እጃቸው በእርግጥ ዝሎ ይሁን አይሁን እሳቸውና ሚካኤል ያውቃሉ።

ሰላሙ ሳህኑን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። አሌክስ ድስቱን ይዞ ገና ደረጃው ላይ ሳለ ስልኩ ጮኸ፤ እናቱ ናት። «ጽዋ ወሰደ አሉኝ! የኔ ልጅ!» አዲስ አበባ ወሬውን ከምድር ቤቱ ጎረቤቶች ቀድሞ ሰምቷል።

በበዓሉ ሳምንት ወይዘሮ አበበች ጠላ ሊጠነስሱ አሌክስ ቤት መጡ። ጌሾው ሲበተን፣ ጀሪካኑ ሲታጠብ አሌክስ ሲያግዝ ቆየና ድንገት ተናገረ።

«በከንቱ ነው የሚለፉት እትዬ። ማንም አይመጣም። ፖሊስ ቤት ማን ይገባል?»

«ለምን አይመጡም?»

«ባንዳ ነኛ።» ሰላሙ ያለውን ነገራቸው። ሥራውን ሊለቅ እንደሆነም ነገራቸው፣ ኦስቲያንም፣ ሁሉንም። «ደክሞኛል። ጥቅስ እንዳይነግሩኝ ደግሞ።»

ወይዘሮ አበበች ጥቅስ አልነገሩትም። ወንበር ስበው ተቀመጡ። 

«ፖሊስ ማጽናናት እንዴት እንደጀመርኩ ነግሬህ አላውቅም» አሉ። «እንደመጣሁ ፔርሜሶ አልነበረኝም። ባሮኔሳዋ ዳቦ ግዢ ብላ ስትልከኝ ማእዘኑ ላይ ፖሊስ ይቆማል። በዚያ ከማልፍ መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር። ‹በልዑል መጠጊያ የሚኖር› እያልኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የማልፈው። አንድ ቀን ለካ ድምፄ ወጥቷል። ፖሊሱ ጠራኝ። ምንድነው የምትይው አለኝ። አሎራ፣ እንግዲህ ምን ልበለው? ‹ስለ አንተ እየጸለይኩ ነው› አልኩት። ዋሸሁ። ከሱ እንዲያድነኝ ነበር የምጸልየው።»

«ከዚያስ?»

«ቆቡን አወለቀ። ‹ስለ እኔ ማንም ጸልዮ አያውቅም› አለኝ። ወረቀት ሳይጠይቀኝ ቆቡን እንደያዘ አሳለፈኝ። ስመለስም አወለቀልኝ። ያቺን ውሸት እውነት ላደርግ ነው ይኸው እስከ ዛሬ የምዞረው።»

አሌክስ ጀሪካኑን አስቀመጠ። «እና አሁንም ይፈራሉ?»

«አሁንም። የደንብ ልብስ ባየሁ ቁጥር፤ የለበሰው አንተም ብትሆን። መስኮትህ ጋ ስመጣ መደገፊያውን የምይዘው ለምን ይመስልሃል?» ይህን ሲናገሩ አላፈሩም፣ አላዘኑምም። «ስመጣብህ እንደምትሰላች አውቃለሁ። ግን ሰሞኑን ፊትህን ሳየው ፈራሁ። ስለ ራሴ አይደለም የፈራሁት።»

ከዚያ ግን ተፈጥሯቸው አሸነፋቸው። «አንዲት ብቻ ልበልና ልተው። ፊልጵስዩስ ላይ አንድ የወህኒ ጠባቂ ነበር። ምድር ተናወጠ፣ በሮች ሁሉ ተከፈቱ። ጠባቂው ሲነቃ ሁሉም ጥለውት የሄዱ መሰለውና በራሱ ላይ ሰይፍ መዘዘ። ጳውሎስ ምን አለው? ‹በራስህ ምንም ክፉ አታድርግ፥ ሁላችን ከዚህ አለንና።› እስረኛው ጠባቂውን አጽናናው። ጥለውት አልሄዱም ነበር።»

«እኔ የወህኒ ጠባቂ አይደለሁም እትዬ።»

«መስታወት ውስጥ ተቀምጠህ?» አሉና ወደ ጌሾአቸው ተመለሱ።

ኅዳር ሚካኤል አርብ ዋለ። አሌክስ ፈቃድ ወስዷል። ድፎውን የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ በፒሳ ምድጃ ጋገረለት፤ እንዲህ ያለ ወፍራም ፒሳ በሕይወቱ አይቶ እንደማያውቅም ነገረው። ወንበር ከየጎረቤቱ ተዋሰ። የደንብ ልብሱን ሰው እንዳያየው ቁምሳጥን ውስጥ ከቶ ቆለፈበት። ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ቁጭ አለ።

የቀጠሮው ሰዓት ደረሰ፤ ማንም አልመጣም። ሰዓቱ አለፈ፤ ማንም አልመጣም። በረንዳ ወጥቶ ቁልቁል አየ። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ከትራም የሚወርድ አንድም ነጠላ የለበሰ ሰው የለም። ወይዘሮ አበበች እንኳን አልመጡም። የሰላሙ ቃል ማኅበሩን ሁሉ እንዳዳረሰ ገባው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስንት ጊዜ አምተውት ይሆን? ለራሱ አዘነ፣ ቀጥሎ ለድፎው አዘነ። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ያነባብር ጀመር። ለማርቲ ደወለና «ሰኞ ለአዛዡ እነግረዋለሁ፤ መጣሁ» አላት።

ስልኩን ሳያስቀምጥ የበሩ መጥሪያ ጮኸ። የበሩን መነጋገሪያ፣ ቺቶፎኖውን፣ አነሣ።

«ማነው?»

መጀመሪያ የተሰማው ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ የብዙ ሰው ትንፋሽ፣ የብዙ ሰው እግር። ከዚያ የሚያውቀው ድምፅ፣ ቁርጥ ቁርጥ እያለ መጣ።

«በራስህ ምንም ክፉ አታድርግ። ሁላችን ከዚህ አለን።» ሳል አቋረጣቸው። «ሾፐሮ ነው ልጄ፤ ትራም የለ፣ ሜትሮ የለ። ከተርሚኒ በእግራችን ነው የመጣን። ክፈት እንጂ።»

አርብ ነበር። ሮማ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ የሥራ ማቆም አድማ ሮማ ውስጥ አርብ አርብ እንደሚወድ ከማንም በላይ የሚያውቅ ፖሊስ፣ ስለ ትራሙ አልጠየቀም፤ መጠላቱ ብቻ ነው የታየው። አሌክስ የታችኛውን በር ከፈተላቸው፣ ያነባበራቸውን ወንበሮች መልሶ ዘረጋና በደረጃው ቁልቁል ሮጠ።

ወይዘሮ አበበችን ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ አፋቸው ተከፍቶ ቃል አይወጣውም። የሮማ ፖሊስ ሁሉ አጽናኝ አንዲት ጥቅስ እንኳን አጥተዋል። ከኋላቸው፣ የእሳቸውን ከባድ ዘንቢል በትከሻው ይዞ፣ ሰላሙ ቆሟል። አሌክስ እሱን ማየት ፈርቶ አጠገባቸው ደረጃው ላይ ተቀመጠና እጃቸውን ያዘ።  ለማጽናናት ያገኘው የእሳቸውኑ ቃል ነበር።

«እናንተ ደካሞች ሸክማችሁ የከበደ ሁሉ፥ ወደ እኔ ኑ…» አለና ቀሪው ጠፋበት።

«እኔም አሳርፋችኋለሁ» አለ ሰላሙ ከኋላ።

ወይዘሮ አበበች እንደምንም ትንፋሻቸውን ሰብስበው «ማቴዎስ አሥራ አንድ» አሉ። ዳኛ የማይሆኑበት ነገር የለም።

ሰላሙ ዘንቢሉን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ። «ከተርሚኒ እስከዚህ ስላንተ ሲነግሩን መጡ። ሌላ ወሬም የላቸውም» አለ። ግድግዳውን እያየ፣ «ያን ቀን የነገርከኝን አደረግሁ። ጠበቃው ይግባኙን አስገብቷል» ብሎ ጨመረ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ አሌክስም አልጠበቀም። ሁለቱ ወይዘሮ አበበችን ግራና ቀኝ ደግፈው ቀሪውን ፎቅ ወጡ።

ድፎው ተቆረሰ፣ ጠላው ተጠጣ። ዝክሩ አልቆ ጽዋው ሲነሣ እንደ ልማዱ ሰው ሁሉ መሬት ማየት ጀመረ። የአሌክስ እጅ ላይ ጽዋው ቆየ። ከጥጉ ሰላሙ ተነሣ።

«እኔ እወስደው ነበር። ቤት ግን የለኝም።»

«ቤቱ ይኸው» አለ አሌክስ። «ታኅሣሥ ሚካኤልን እዚሁ ታዘጋጃለህ። እኔ እኖራለሁ።»

ሰላሙ በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ተቀበለ። አበራሽ እልልታዋን አቀለጠችው። አሌክስ የተናገረውን ራሱ የሰማው ዘግይቶ ነው፤ እኖራለሁ ብሏል። ወደ ጓዳ ገብቶ ለማርቲ ደውሎ ባሕሩን ሰላም በይልኝ አላት።

ሰኞ ዕለት ሰልፉ እንደ ወትሮው ረጅም ነበር፤ እሱም እንደ ወትሮው ደክሞታል። ሥራው አልተለወጠም፣ ውሳኔውም ከዚያው ከማያውቀው ቦታ ይመጣል። ከረፋዱ ላይ ቁጥር ሲጠራ አጠር ቀጠን ያሉ ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ወደ መስታወቱ መጡ። እንደ ሁልጊዜው መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ያዙ። አሌክስ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን አየ፤ መደገፊያው ለምን እንደሚያዝ አሁን ያውቃል።

መስኮት ላይ ቆብ አይደረግም። አሌክስ መሳቢያውን ከፍቶ ቆቡን አወጣ፣ ጭንቅላቱ ላይ አደረገ፣ ከመቀመጫውም ተነሣ። ከዚያ ቆሞ አወለቀላቸው።